ዳቦው 10 ቦታ ለምን አይቆረጥም?

(ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሐዋሳ ውስጥ በአንድ የንባብ ክበብ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከድምፅ ቅጂ ስገለብጠው አንዳንድ መደጋገሜን ብቻ ነው የቀነስኩት፤ ሌላው እንደተነገረ ነው።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ ወንበር የተደረደራችሁ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን። ከኋላ ያላችሁት ግን ድምፃችሁ አልተሰማኝም። እንደምን ዋላችሁ? እሰይ! 34 ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው ከኋላ ወንበር መልስ ካልሰማ አፉ አይከፈትለትም።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ድፎ ዳቦ ሳታዩት አልቀራችሁም። እንዲያውም አንዳንዶቻችሁ ከገባችሁ ጀምሮ እኔን ሳይሆን እሱን ነው የምታዩት። ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት በኮባ የጋገረችው ነው። የሚበላው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ ሥራ አለው። ከእናንተ መሀል ይህን ዳቦ እኩል 10 ቦታ የሚከፍልልኝ ማነው? አትቁረጡት፣ በቢላዋው ጫፍ ምልክት ብቻ አድርጉበት።

(አንዲት ተማሪ ወጣች።)

ነይ ልጄ፣ ጎበዝ። እዩአት እንግዲህ። መሀል ለመሀል ሰመረችው፣ ሁለት ሆነ። አሁንስ? ቆመች! ለምን ቆምሽ? «ግማሹን አምስት ቦታ መክፈል አስቸገረኝ» ነው የምትለው። በሉ አጨብጭቡላት፣ የዛሬውን ንግግር እኮ ጨረሰችው! አሁን አዙሪውና 12 ቦታ ሞክሪ። ሁለት... አራት... ከዚያ እያንዳንዱን ሩብ ሦስት ቦታ። አያችሁ? አንዴም አልቆመችም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። እኛ በ10 የምንቆጥር ሰዎች ነን። አስር፣ ሃያ፣ ሠላሳ፣ መቶ እያልን ነው ያደግነው። ታዲያ ስኒ በደርዘን የምንገዛው ለምንድን ነው? ደብተርስ? የለስላሳ ሳጥን ውስጥ 24 ጠርሙስ የሚደረደረው ለምንድን ነው? ሰዓቱ 60 ደቂቃ፣ ቀኑ 24 ሰዓት፣ ሳምንቱ 7 ቀን፣ ወሩ 30፣ የቡናው ፈረሱላ 17 ኪሎ! እነዚህን ቁጥሮች ማን መረጣቸው? ሰው ሁሉ ሒሳብ እንዲወድቅ የተማከረ አለ እንዴ?

ሦስት ነገር እላለሁ። አንደኛ ስለ ማካፈል፣ ሁለተኛ ስለ ሰማይ፣ ሦስተኛ ስለ ትከሻ። አራተኛም ነበረኝ፤ ሰብሳቢዋ ሰዓቷን እያየች ስለሆነ እሱን እንጃ።

እንግዲህ አንደኛው። መቁጠርና ማካፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ደግሜ ልበለው፤ መቁጠርና ማካፈል ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። 10 የመጣው ከጣታችን ነው። እረኛው ከብቱን ሲቆጥር ጣቱን ያጥፋል፣ ጣቱ ሲያልቅበት ጠጠር ያስቀምጣል። ለመቁጠር ጥሩ ነው። ለማካፈል ግን 10 ድሃ ቁጥር ነው። ለሁለት ይካፈላል፣ ለአምስት ይካፈላል፣ አለቀ። ለሦስት ሰው 10 ሎሚ ስጡ እስቲ። ለአራት ሰውስ? 12 ግን ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት፣ ለስድስት እጁን ዘርግቶ ይሰጣል።

ገበያ ውስጥ ደግሞ ሰው የሚውለው ሲቆጥር አይደለም፤ ሲያካፍል ነው። ነጋዴው ደርዘን ስኒ ያመጣል። አንዷ ደርዘኑን ትወስዳለች፣ ሌላዋ ግማሽ ደርዘን፣ ሦስተኛዋ «ሦስት ብቻ ተሰብሮብኛል» ትላለች። ሁሉም ሳይሰበር ይወጣል። እዚሁ ኢንዱስትሪ ፓርካችን ውስጥ በ2008 ዓ.ም. ፓርኩ ሲመረቅ ሥራ የጀመረች ተማሪዬ ነበረች። አንድ ቀን መንገድ ላይ አገኘችኝና «ቲቸር፣ እዚያ እኮ ሸሚዝ የሚቆጠረው በደርዘን ነው፤ የሰዓቱ ምርት ይህን ያህል ደርዘን ነው የሚሉን» አለችኝ። ሸሚዙ ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚሄድ ነው፣ ማሽኑ ኮምፒውተር ነው፣ ቆጠራው ግን የስኒ ነጋዴዋ ቆጠራ ነው።

የጠርሙሱ ሳጥን 24 ነው፤ አራት በስድስት። ለምን 25 አላደረጉትም? አምስት በአምስት ይሆን ነበር። ሞክሩት፤ አራት ማዕዘን ሆኖ ይሰፋል፣ ለሁለት ሰው ማንሻም አይመች፣ ግማሽ ሳጥን የሚባል ነገርም አይኖረውም። የ25 ግማሽ ስንት ጠርሙስ ነው? የአሥራ ሦስተኛውን ግማሽ ማን ይጠጣዋል?

(ሳቅ)

አሁን ደግሞ ስለ ገንዘብ ልንገራችሁ፣ ይሄን በጣም ነው የምወደው። አያቴ አንገቷ ላይ ጠገራ ብር ታስር ነበር፣ የማሪያ ትሬዛው ብር፣ 28 ግራም ገደማ የሚመዝነው። ላዩ ላይ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት አለበት፤ ከዚያ በኋላ በስንትና ስንት ዓመት ሲታተም እንኳን ቁጥሩን አልቀየሩትም። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ሲያስመቱ ክብደቱን ከዚያው አስተካከሉት። ዝርዝሩስ? ግማሹ አላድ፣ የአላድ ግማሽ ሩብ፣ የሩብ ግማሽ ተሙን። አያችሁ ምን እንደሚያደርጉ? ዳቦ እንደሚቆርጥ ሰው ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ፣ የግማሽ ግማሽ ግማሽ! ብሩ መጀመሪያ 20 ግርሽ ነበር። በኋላ 16 ግርሽ ተደረገ። ከ20 ወደ 16! የዘመኑ ሰው ቢሰማ ኋላ ቀርነት ይለዋል። እኔ ግን 16ን አራት ጊዜ ለሁለት ከፍላችሁ 1 ላይ ትደርሳላችሁ እላለሁ። 20ን ሁለት ጊዜ ብትከፍሉት 5 ላይ ቆማችሁ ትቀራላችሁ፤ ልክ እንደዚህች ልጅ።

በ1923 ዓ.ም. ብር በ100 ተከፈለ፣ በኋላም ሳንቲም መጣ። በቃ፣ አሁን አስርዮሽ ነን፣ ማካፈል ድሮ ቀረ ትላላችሁ? የምታውቁትን ሳንቲም ቁጠሩልኝ። አንድ፣ አምስት፣ አስር፣ ሃያ አምስት፣ ሃምሳ። ሃያስ የታለ? የለም። ስሙኒ ነው ያለው፣ 25። ለምን? ሩብ ስለሆነ ነው! ሽልንጉ ደግሞ ግማሽ። ሽልንግ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያን መባረር በኋላ ጥቂት ዓመት እኛ ዘንድ ከዞረው ከምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ የቀረ ነው። እንግሊዞቹ ራሳቸው እስከ እ.ኤ.አ. 1971 ድረስ አንዱን ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ አንዱን ሽልንግ 12 ፔንስ አድርገው ነበር የሚኖሩት። 240 ፔንስ! ልጆቻቸው ምን ያህል እንዳለቀሱ አስቡ። ግን አንድ ፓውንድ ለሦስትም፣ ለስድስትም፣ ለስምንትም ሰው ያለ ቀሪ ይካፈል ነበር።

ዛሬስ? ሱቅ ሄዳችሁ «300 ግራም ስኳር» ብላችሁ ታውቃላችሁ? ሩብ ኪሎ ነው፣ ግማሽ ኪሎ ነው። ጤፍ አንድ ኩንታል፣ ግማሽ ኩንታል፣ ሩብ ኩንታል። ኪሎውን ፈረንሳዮች በአስር አስር ከፍለው ሰጡን፤ እኛ ተቀብለን በግማሽ በግማሽ እየቆረጥን እንበላዋለን። ወጣቶቹ እንዳትስቁብን፣ የኪሳችሁ ስልክ 32 ጊጋ፣ 64 ጊጋ፣ 128 ጊጋ ነው። 100 ጊጋ የሚባል ስልክ አይታችኋል? እሱም እጥፍ በእጥፍ ነው፤ የማሽኑ ጣት ሁለት ብቻ ስለሆነ።

ውኃ ልጠጣ።

ሁለተኛው ነጥብ ሰማይ ነው። ማካፈሉን ሰው ይመርጠዋል፣ ሰማይ ግን አማርጦ አይሰጥም። ጨረቃ ዙሯን የምትጨርሰው በ29 ቀን ተኩል ገደማ ነው። ዓመቱ 365 ቀን ከሩብ ገደማ ነው። ጨረቃን 12 ጊዜ ብትቆጥሩ 354 ቀን፣ 13 ጊዜ ብትቆጥሩ ወደ 384። አንዱ ያንሳል፣ አንዱ ይበልጣል። እያንዳንዱ ሕዝብ ይቺን ትርፍ የሚደብቅበት ጓዳ ሠርቷል። የእኛ ጓዳ ጳጉሜን ትባላለች። 12 ወር በ30 በ30 ደረደርንና የተረፈውን 5 ቀን፣ በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን፣ እዚያ ከተትን። ሠላሳነቱ እንዴት እንደሚመች እዩት፤ ሚካኤል ሁልጊዜ በ12፣ ገብርኤል በ19፣ ማርያም በ21፣ አይንቀሳቀሱም። ማኅበር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ 12 አባል ከሆናችሁ እያንዳንዱ በዓመት አንዴ ይደግሳል፣ ጽዋው ዞሮ ይገጥማል። እኔ ያለሁበት ማኅበር አንድ ዘመን 13 ሆንንና ማን በየትኛው ወር እንደሚደግስ በየዓመቱ ክርክር ነበር። አንዱ ቀልደኛ «አሥራ ሦስተኛው በጳጉሜን ይደግስ» አለ። ደሞዝ በማይወጣበት ወር!

(ሳቅ)

እዚህ አገር ደግሞ፣ እዚሁ ሲዳማ ምድር፣ ሌላ ጓዳ አለ። የምሳሳት ከሆነ አባቶች አርሙኝ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አስተማሪ ሆኜ አለታ ወንዶ ተመደብኩ። የተከራየሁባቸው እናት ከከተማው ወጣ ያለ ገጠር ውስጥ ጥሩ ቅቤ የሚወጣበት ገበያ አለ አሉኝ። ቅዳሜ ሄድኩ፣ ገበያው ደርቷል፣ ቅቤዬን ገዛሁ። በሳምንቱ ቅዳሜ ደግሞ ተነሥቼ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሬ ሄድኩ፤ ሜዳው ላይ ሁለት ፍየልና አንድ ሕፃን ብቻ! ተናድጄ ተመለስኩ። እናቲቱ ሳቁብኝና «ልጄ፣ አንተ የምትቆጥረው በማን ሳምንት ነው?» አሉኝ።

ለካ የሲዳማ ሳምንት አራት ቀን ነው! ዲኮ፣ ዴላ፣ ቃዋዶ፣ ቃዋላንካ። ገበያው በአራት ቀኑ ይቆማል። የአንዱ ቀን ገበያ እዚህ፣ የሌላው ቀን እዚያ፣ ነጋዴው በአራት ቀን አራት ገበያ ያዳርሳል። ያን ሌሊት ኩራዝ አብርቼ ሒሳቡን ሠራሁት። ቅዳሜ የዋለው ገበያ ቀጥሎ ረቡዕ ይውላል። ከዚያ እሑድ፣ ከዚያ ሐሙስ፣ ሰኞ፣ ዓርብ፣ ማክሰኞ፣ ከዚያ ተመልሶ ቅዳሜ። ሰባቱንም ቀን አንድም ሳይዘል፣ አንድም ሳይደግም ዞሮ በ28ኛው ቀን ቅዳሜ ላይ ይመለሳል። እንደ እኔ ያለው የቅዳሜ ሰው ቅቤ የሚያገኘው በአራት ሳምንት አንዴ ነበር ማለት ነው። ወሩም 28 ቀን ነው፤ ሰባት ጊዜ አራት። 13 ወር። በጉዱማሌ አደባባይ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጨምበላላ ሲከበር ምን ታያላችሁ? ጭፈራውን ታያላችሁ፣ ይገባል፣ ደስ ይላል። ከጭፈራው በፊት ግን አያንቶዎቹ፣ ሰማይ አንባቢዎቹ አባቶች፣ ከዋክብትንና ጨረቃን አይተው ቀኑን ቆጥረዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ፍቼን ሲመዘግብ ይህን ዕውቀትም አብሮ ነው የመዘገበው። ለአንድ የሒሳብ መምህር ከዚህ የበለጠ ምን አለ? እኔ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪዬን ይዤ ቅቤ ፍለጋ ባዶ ሜዳ ላይ ቆሜ ነበር።

ወደ ሰዓት እንመለስ። ቀኑን 12፣ ሌሊቱን 12 አድርገው የከፈሉት የጥንት ግብፆች ናቸው። 60ው ደግሞ የባቢሎን ነው። ባቢሎኖች ቁጥራቸው ራሱ በ60 ነበር የሚሄደው። 60 ለስንት ይካፈላል? ደብተር አታውጡ፣ እኔ እነግራችኋለሁ፤ ለ1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 10፣ 12፣ 15፣ 20፣ 30 እና ለራሱ ለ60። 12 አካፋይ! ከመቶ የሚበልጥ ሀብት ነው፤ መቶ ያለው ዘጠኝ ብቻ ነው። አንዳንድ ሰዎች ይህም ከእጅ የመጣ ነው ይላሉ። አውራ ጣታችሁን ዘርጉ፣ የቀሩትን አራት ጣቶች አንጓ በእሱ ቁጠሩ። ሦስት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለት። አንድ ደርዘን በሞላ ቁጥር በሌላው እጅ አንድ ጣት አጥፉ። አምስት ጣት ሲታጠፍ ስንት ሆነ? 60! ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን፣ ለልጆች ሳስተምርበት አንድም ልጅ እንቅልፍ ወስዶት አያውቅም።

ግን ባቢሎን ድረስ ለምን እንሄዳለን? ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያንን የዘመን ቆጠራ፣ የተማራችሁ አላችሁ? አንድ እጅ አየሁ። አባታችን፣ ይርዱኝ። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት ስንት ኬክሮስ ነው?

(«ስድሳ»)

ስድሳ! ሙሉ ቀኑን፣ ሌሊቱን ጨምሮ፣ 60 ኬክሮስ። በእኛ ደቂቃ አንዱ ኬክሮስ 24 ደቂቃ መሆኑ ነው። አንዱ ኬክሮስ ደግሞ 60 ካልዒት። ከዚያ ሣልሲት፣ ራብዒት፣ ኃምሲት፣ ሳድሲት፣ ሁሉም በ60 በ60። ዓመቱ 365 ዕለት ከ15 ኬክሮስ ይላሉ። 15 ኬክሮስ ስድስት ሰዓት ነው፣ ያቺው ሩብ ቀን። በአራት ዓመት ተጠራቅማ ስድስተኛዋን ጳጉሜን የምትወልደው።

አሁን ደስ የሚለው ይመጣል። «ሰከንድ» የሚለው ቃል በላቲን ምን ማለት ነው? «ሁለተኛ» ማለት ነው! ደቂቃ የመጀመሪያው ትንሽ ክፋይ፣ ሰከንድ ሁለተኛው ትንሽ ክፋይ። «ካልዒት»ስ በግዕዝ? ሁለተኛ! የላቲኑም የግዕዙም ሊቅ በ60 ሁለተኛ ጊዜ ሲከፍል «ሁለተኛ» ብሎ ነው የጠራው። «ደቂቅ» ራሱ ትንሽ ማለት አይደል? ሰከንድ ከፈረንጅ መጣብን የምንል ሰዎች፣ የአጎቱ ልጅ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀው ነበር።

ሰዓታችንስ? ፀሐይ ስትወጣ 12 ብለን ከአንድ የምንጀምረው? እንግዳ ሲመጣ ይደናገራል፣ እኛም እናፍራለን። የምን ማፈር ነው? ወንጌሉን ክፈቱ፤ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጨለማ ሆነ ይላል። የማን ሰዓት ነው? የእኛ! ከንጋት የሚቆጠረው። አውሮፓ ይህን ሰዓት ቢይዝ ይቸገር ነበር፤ በክረምት ቀኑ አጥሮ በበጋ ይረዝማል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ሐዋሳ ላይ የዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው አንድ ሰዓት አይሞላም። ፀሐይ ከታቦር ተራራ ማዶ ስትጠልቅ ሰዓት ማየት አያስፈልገኝም፣ 12 ሰዓት አልፏል ማለት ነው፤ ብሳሳት አንድ ሰዓት አይሞላም።

ይህን ሁሉ በአስር እናድርገው ያለ ሰው የለም ወይ ብትሉ፣ አለ። ፈረንሳዮች። ንጉሣቸውን ከገደሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1793 ቀኑን 10 ሰዓት፣ ሰዓቱን 100 ደቂቃ፣ ደቂቃውን 100 ሰከንድ አድርገው አወጁ። ሳምንቱም 10 ቀን ሆነ። ሠራተኛው ምን አለ መሰላችሁ? በ7 ቀን አንዴ ያርፍ የነበረ ሰው በ10 ቀን አንዴ ሊያርፍ ነው! የአስሩ ሰዓት በ1795 ታገደ፣ ካላንደሩንም ናፖሊዮን ከ1806 መጀመሪያ ጀምሮ ሻረው። ወራቸው ግን እንዴት ነበር? 12 ወር በ30 በ30፣ መጨረሻ ላይ 5 ወይም 6 ቀን። ጳጉሜን! አብዮተኞቹ ዓለምን አዲስ አደረግን ብለው ሲጨርሱ እኛ ዘንድ ደርሰው ነበር። ሜትሩና ኪሎው ግን ጸኑ፤ አብዛኛው ዓለም ተቀበላቸው። ለምን ይመስላችኋል? ርዝመት ሰማይ ላይ የለም። ሜትርን ብታስረዝመው የሚቆጣህ ፀሐይ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ቂም አለብኝ፣ ልናገረው። የማታ ትምህርት አስተምር ነበር። በአንድ ማታ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል፣ 40 ማታ። ስንት ሰዓት ነው? መቶ። የሰዓት መቆጣጠሪያው ላይ «2፡30» ብለን ነው የምንፈርመው። ሒሳብ ክፍሉ ማሽኑ ላይ ምን ብሎ አስገባው? ሁለት ነጥብ ሠላሳ! 2.30 በ40 ስንት ነው? 92። ስምንት ሰዓት ተበላሁ! ሄጄ አስረዳሁ። «ጋሼ፣ ማሽኑ አይሳሳትም» ተባልኩ። እውነቱን ነው፣ ማሽኑ አልተሳሳተም። በአስር ለሚቆጥር ማሽን በስድሳ የሚቆጠር ነገር ሰጡት፣ እሱ ምን ያድርግ? የት ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ ስምንቱን ሰዓት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁም። ተማሪዎች፣ ደሞዝ ስትቀጠሩ ይህን አስታውሱ፤ ሁለት ሰዓት ተኩል 2.5 ነው!

ቁጥሩ ራሱስ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነበር? በግዕዝ ቁጥር ለሺህ የራሱ ምልክት የለውም። ፲ አለ፣ ፻ አለ፣ ከዚያ ዘሎ ፼፣ እልፍ። 2018ን ስትጽፉ ፳፻፲፰ ነው፤ ሃያ መቶ አሥራ ስምንት። ሁለት ሁለት አሃዝ እየያዘ ነው የሚሄደው። እኛ ዛሬ በሦስት በሦስት አሃዝ ነጠላ ሰረዝ የምናደርገው አስርነት ስላስገደደን አይደለም፣ የፈረንጁን ሺህና ሚሊዮን ስለተከተልን ነው። ይህ ዳር ላይ ይቆይ፣ ሰብሳቢዋ አሁን ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አይታለች።

ሦስተኛው፣ ትከሻ። ቶሎ እላለሁ አልልም፣ ቡና ስላለበት።

አለታ ወንዶ ሳለሁ የተማሪዎቼ አባቶች ቡና አምራቾች ነበሩ። ገበሬው እሸቱን በኪሎ ይሸጣል። አቅራቢው ደረቁን ቡና በፈረሱላ ይጠራል። ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አሥራ ሰባት! ከዚህ የከፋ ቁጥር ፈልጋችሁ አታገኙም፤ ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም አይካፈል። ከቀይ ባሕር ማዶና ከሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ጋር የመጣ መስፈሪያ ነው፣ የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ሲቋቋም የቡና ዋጋ መጥሪያ አድርጎ ተቀበለው። ከዚያ ቡናው ወደ ውጭ ሲሄድ በ60 ኪሎ ጆንያ ይሞላል፤ ዓለም የቡና ምርትን የሚቆጥረው በባለ 60 ኪሎ ጆንያ ነው። ባቢሎን ነው እንዳትሉኝ! ይሄኛው 60 ጫኝና አውራጁን ጠይቁት፤ ትከሻው ላይ የሚቀመጥ፣ ደረጃ የሚያስወጣ ክብደት ነው። የእኛው ኩንታል 100 ኪሎ ነው፣ ለመጻፍ ያምራል። ከመኪና የሚያወርደውን ልጅ ግን እግሩን እዩት፤ መቶ የማን ጣት ቁጥር እንደሆነ ጉልበቱ አያውቅም። ፊት ያገኛችሁት ነጋዴ ሁሉ 50 50 ኪሎ እያደረገ የሚያስጭነው ለምን ይመስላችኋል?

ከዚያ ኒው ዮርክ። እዚያ ቡና የሚጠራው በኪሎም አይደለም፣ በፈረሱላም አይደለም፤ በፓውንድ ነው። ዋጋ የሚወሰንበት አንዱ ውል 37,500 ፓውንድ ነው። ይህን ቁጥር መጀመሪያ ሳነብ ሳቅኩ። ምን የሚሉት ቁጥር ነው? በኋላ ደብተሬ ላይ ወደ ኪሎ ቀየርኩት። 17,010 ኪሎ ገደማ ሆነ። 17,010! ለ17 አካፍሉት እስቲ። አንድ ሺህ ፈረሱላ! ያቺ ያማረርኳት 17 ኒው ዮርክ ድረስ ሄዳ ሺህ ሆና ቆመች። ማንም አስቦ ያደረገው አይመስለኝም፣ ያጋጠመ ነገር ነው። ግን ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለቤቴ «ምን ሆነህ ነው?» ስትለኝ «ፈረሱላ» አልኳት። ሁለተኛ አልጠየቀችኝም።

እንግዲህ ገበሬው በኪሎ፣ አቅራቢው በፈረሱላ፣ ላኪው በጆንያ፣ ገዢው በፓውንድ። ያው አንድ ቡና ነው። በእያንዳንዱ መዝለያ ላይ ቀሪ አለ፣ ቀሪው ደግሞ ወደ አንድ ሰው ኪስ ይገባል። ሒሳቡን ወደማያውቀው ሰው ኪስ ግን አይገባም። ስለዚህ ነው እነዚያን የገበሬ ልጆች ከክፍልፋይ ጋር ያሰቃየኋቸው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ አለ፤ አሁን እሱም ቡና ነጋዴ ነው። እጅህን አታውጣ፣ ይታወቃል።

(ሳቅ)

አራተኛውን ነጥብ ትቼዋለሁ። ዳቦው ይጠብቃል።

ልጆቹን ስንት እንደሆንን ቁጠሩ ብያቸው ነበር። ስንት ሆንን? አርባ ሦስት። አይ! 42 ብንሆን ስድስት ጊዜ ሰባት ነበር። 44 ብንሆን አራት ጊዜ አሥራ አንድ። 43 ግን የፈረሱላ ዘመድ ነው፣ ለማንም አይካፈል። ይህችም ልጅ ብትጠራ አትወጣም። እማማ፣ እርስዎ ባርከው ይቁረጡልን፤ የስንት ሠርግ ዳቦ በዓይንዎ ቆርጠው አዳርሰዋል፣ የማንንም አካፋይ ሳይጠይቁ።

ቡናውም ደርሷል። ስኒው ግን አንድ ደርዘን ብቻ ነው። 43 ሰው በ12 ስኒ ስንት ዙር ነው? ከኋላ ወንበር መልስ እፈልጋለሁ።

አራት! አራተኛው ዙር ላይ ስንት ሰው ይቀራል? ሰባት። ጎበዞች። ሰባቱ እናንተ ናችሁ፤ የእናንተ ከበረካ በኋላ ነው።